የመንቆረር ውሎ

ላንድሮቨሯ ጎህ ሲቀድ ከፍኖተ ሰላም ስትወጣ፣ አደይ ዳኘው ከኋላ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ የአንድ ሰው ማጅራት ታይ ነበር። ሰውየው ከፊት፣ በሹፌሩ በእጅጉና በአባቷ መካከል ተጣቦ ተቀምጧል። ነጠላውን በሥርዓት ደርቧል፤ ጸጉሩን ትናንት የተላጨ ይመስላል። መኪናዋ በኮረኮንቹ ላይ ስትነጥር ትከሻው ከአባቷ ትከሻ ጋር ይጋጫል፤ ወዲያው «ይቅርታ ግራዝማች» ይላል፤ ከዚያ ተመልሶ መንገዱን ያያል።

ዞር በል እንጂ፣ አለች አደይ በልቧ። አንዴ ብቻ።

አልዞረም።

ግራዝማች ዳኘው በአገሩ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው። ከተማው ወጀት ሲባል ጀምሮ እዚያው ኖረዋል፤ ፍኖተ ሰላም የሚለው ስም ምላሳቸው ላይ የተገራው ገና በቅርቡ ነው። ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በየዓመቱ ቤተሰባቸውን ይዘው አንድ ታሪክ ያለበት አገር አሳይተው በዚያው ቀን የመመለስ ልማድ አላቸው። «ሰው የአባቱን አገር በወሬ አይወቀው፤ በዓይኑ ይየው» ይላሉ። አምና ግሽ ዓባይ ሄደው ነበር። በዚህ በ1957 ዓ.ም. ታኅሣሥ ተራው የደብረ ማርቆስ ሆነ፤ እርሳቸው እንደ ቀድሞ ሰው «መንቆረር» ነው የሚሏት። ከፊት የተቀመጠውን ዲያቆን ክንፈሚካኤልን ያስከተሉት ቅዳሴ የተማረው በዚያው በማርቆስ ደብር ስለሆነና ሰዉንም ስለሚያውቅ ነው።

እሳቸው የሚያውቁት ይህን ያህል ነው። ወይም አደይ እንደዚያ ይመስላት ነበር።

አደይ በልጅነቷ ሊበን አካባቢ ላለ ለአንድ ባለ ርስት ልጅ ተድራ ነበር። ልጅ ሳትወልድ ቆየች። ሰውየው ሌላ ፈለገ፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ተፋቱ። ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ ያቺ ትቦርቅባት የነበረችው ቤት ያው ነበረች፤ እሷ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደሆነች ግራ ገባት። ፈት ሴት ባባቷ ቤት እንግዳም አይደለችም፣ ቤተኛም አይደለችም። ማዕድ ሲቀርብ ቦታ አላት። ስለ ነገ ሲወራ ግን ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አብረዋት ያደጉት ሴቶች ልጅ አዝለው በደጇ ሲያልፉ ሰላምታቸው ያጥራል፤ ፍቺ የሚጋባ ይመስል።

የግራዝማች ዓይን እየደከመ ሲሄድ ዲያቆን ክንፈሚካኤል እየመጣ ተአምረ ማርያም ያነብላቸው ጀመር። አደይ ከእናቷ ከወይዘሮ ማሚቱ ጋር ከጓዳው በር አጠገብ ቁጭ ብላ ትሰማለች። አንድ ቀን ግራዝማች እንግዳ ሊሸኙ ወጡ፤ እናቷም ተከተሉ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«እመቤት አደይ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ከበሩ ጥግ የሚቀመጡት?» አላት።

«ሰዉ እንዳያየኝ ነዋ። እኔን ሲያይ የሚያየው ፍቺዬን ብቻ ነው።»

ዲያቆኑ መጽሐፉን ዘጋ። «ቅኔም ቢሆን እኮ ያለ ፍቺው አይታወቅም» አለ።

አደይ ሳቀች። ከባሏ አገር ከተመለሰች ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። የገዛ ሳቋ አስደነገጣትና በነጠላዋ አፏን ያዘች። ከዚያች ቀን ወዲህ ፍቅራቸው በቃል ብቻ ኖረ፤ በሰው ፊት «እርስዎ» ይባባላሉ፣ ሰው ዞር ሲል «አንተ»ና «አንቺ» ይሆናሉ። ባለፈው የኅዳር ሚካኤል፣ ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን፣ ከአጥሩ ሥር ጠብቆ «አገባሻለሁ» አላት።

ቀላል ቃል አልነበረም። ዲያቆን ድንግል ቢያገባ ቄስ ይሆናል። ፈት ካገባ ግን ክህነቱ ፈረሰ ማለት ነው፤ ከእንግዲህ መቅደስ አይገባም፣ አይቀድስም። የክንፈሚካኤል አባት መሪጌታ ወልደ ሥላሴ የማንኩሳ ሰው ናቸው፤ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ያንን ደብር ሲያገለግሉ ኖረዋል። ታላቅ ልጃቸው ወታደር ሆነ፤ ሁለተኛው ቡሬ ወርዶ ነገደ። የቀራቸው አንድ ክንፈሚካኤል ነው።

«ይፍረስ» አላት ያኔ። «እኔ አንቺን ነው የምፈልገው።»

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ አንድም ቀን ቀና ብሎ አላያትም። ለማንበብ ይመጣል፤ ያነባል፤ ይሄዳል። ዛሬ ደግሞ ይኸው ከፊቷ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ተቀምጦ የመንገዱን ድንጋይ ይቆጥራል።

ተጸጽቷል፣ አለች አደይ። በመስኮቱ በኩል የታጨደው ማሳ ያልፋል፤ ክምሩ ያልፋል፤ ሰው እንኳ የማይታይበት ሜዳ ያልፋል። ከአራት ሰው ጋር ተቀምጣ እንዲህ ብቻዋን ሆና አታውቅም።

*

ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ ረፋድ ነበር። ግራዝማች ከመኪናዋ ወርደው ከዘራቸውን ተከሉና የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ግቢ ከደጅ ሆነው አሳዩአቸው።

«ይኸውላችሁ» አሉ፤ «አባቴ ግብር ሊበላ በዚህ በር ገብቷል። እኔ እሱ ሲያወራ እየሰማሁ ግቢው ሰማይ የሚነካ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳየው... ግንብ ነው። ሰዎቹ የሉማ!»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፤ ሰው ይሰማል» አሉ ወይዘሮ ማሚቱ።

«ይስማ! የሌለን ሰው የለም ማለት ምን ነውር አለው?»

ባልና ሚስቱ እንዲህ እየተባባሉ በአጥሩ ዙሪያ ቀደም ቀደም ሲሉ፣ ክንፈሚካኤል ወደ ኋላ ቀረት አለ። አደይ አጠገቡ ስትደርስ አንገቷን ደፍታ ልታልፈው ነበር።

«አደይ።»

«ሰው አለ» አለችው።

«ዛሬ ለአባትሽ እነግራቸዋለሁ።»

ቆመች።

«እስካሁን ያላየሁሽ ፈርቼ ነው» አለ ቶሎ ቶሎ። «አይቼሽ ፊቴ ይናገርብኛል ብዬ ፈራሁ። አባትሽን ከቤታቸው ውጭ፣ ልባቸው ደስ ባለው ቀን ላገኛቸው ነው የጠበቅሁት። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት በገዛ አፌ ልነግራቸው እፈልጋለሁ። ዛሬ ነው። ማታ ስንመለስ ሁሉም ነገር የታወቀ ይሆናል።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ በአንድ ቃል ተንከባለለ። ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት፤ ዓይኑን ሳይሰብር፣ ሳይቸኩል። ያ ሁሉ ሰው በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ሌላ ሰው ያለ አልመሰላትም።

«እናንተ! ምን ይገትራችኋል?» ሲሉ ግራዝማች ተጣሩ።

«መጣን» አለች አደይ። ስትራመድ እግሯ መሬቱን የነካ አልመሰላትም።

*

የነቢያት ጾም ስለነበረ ቅዳሴው የሚገባው ቀትር ላይ ነው። ስንቃቸውን ከመኪናዋ ትተው፣ ሳይቀምሱ፣ ወደ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ከቅጥሩ ገና ሲገቡ የደብሩ ገበዝ አባ ገብረሰንበት ክንፈሚካኤልን ከሩቅ አውቀውት እጃቸውን ዘርግተው መጡ።

«ክንፌ! እግዜር ነው ያመጣህ። አንዱ ዲያቆናችን ታሞብን ቅዳሴው ሊታጎል ነው። ጾመሃል አይደል? በል ግባ፣ ልብሰ ተክህኖ ይሰጥሃል።»

ክንፈሚካኤል ፊቱ ተለዋወጠ። «አባ... እኔ እኮ ዛሬ...»

«ምንህ ነው? ያደግህበት መቅደስ አይደለም እንዴ?»

ግራዝማች ጣልቃ ገብተው «ሂድ እንጂ ልጄ! እኛም ድምፅህን እንስማ» አሉት።

ወደ አደይ ዞረ። እሷም ራሷን ነቀነቀችለት፤ ሂድ፣ ማለቷ ነው። አጠገቧ ሲያልፍ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «የመጨረሻዬ ትሁን» አላት። ፈገግ ብሎ ነበር ያላት፤ እሷም ፈገግ አለች።

አደይ ከእናቷ ጋር በሴቶቹ በኩል ቆመች። መጋረጃው ተዘግቶ ቆየ። ከዚያም ከመጋረጃው ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ፤ «ተንሥኡ» አለ።

አደይ ይህን ሰው ታውቀዋለች። ሲያነብ ታውቀዋለች፣ ሲቀልድ ታውቀዋለች፣ «አገባሻለሁ» ሲላት ድምፁ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ ታውቃለች። ይህን ድምፅ ግን ሰምታው አታውቅም። ከሰው ጉሮሮ የወጣ ሳይሆን ግድግዳው ራሱ ለብዙ ዘመን ይዞት የኖረውን የሚመልስ ይመስል ነበር። ከአጠገቧ ያሉ አሮጊት «አቤት! የማን ልጅ ነው?» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወይዘሮ ማሚቱ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ።

መጋረጃው ተከፍቶ በወጣ ጊዜ አየችው። መስቀሉን ይዞ ቆሟል። ፊቱ በደስታ ያበራል። እሷን እያየ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሊሆንም አይችልም፤ ይህ ደስታ ሰው ለሰው የሚሰጠው አይደለም።

ቅዳሴው ወደ ማለቂያው ሲደርስ ግን ድምፁ ተለወጠ። ሌላው ሰው ልብ አላለውም። አደይ ብቻ ሰማችው። እያንዳንዱን ቃል ያረዝመዋል፤ ከአፉ ሊያወጣው እየሳሳ ያቆየዋል። እናቱን ለዘላለም ተሰናብቶ የሚሄድ ልጅ ደጅ ላይ ቆሞ «እሺ፣ እሺ» እያለ መሄድ እንደሚያቅተው። እየተሰናበተ ነበር። ለእሷ ሲል እየተሰናበተ ነበር።

አደይ ግድግዳውን ተደገፈች። በዙሪያዋ ሕዝቡ አንድ ሆኖ ይመልሳል። የእሷ ከንፈር አልተንቀሳቀሰም። ጠዋት በሜዳው መካከል የተሰማት ብቸኝነት ከዚህኛው አጠገብ ምንም እንዳልነበረ ገባት።

*

ከቅዳሴ በኋላ ወይዘሮ ማሚቱ ከቅጥሩ ውጭ ዳቦና ስልጆ እየፈቱ ግራዝማችን ሲያበሉ፣ አደይ ውኃ ልትቀዳ ብላ ተነሣች። ክንፈሚካኤል ከቅጥሩ በር ፊት ለፊት ካለው ዋንዛ ሥር ደረሰባት። ልብሰ ተክህኖውን አውልቋል፤ ግንባሩ ላይ ገና ላብ አለ።

«አለቀ» አለ። «አሁን ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«አትንገራቸው።»

የቀለደች መስሎት ሳቅ አለ። ፊቷን ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

«ምን ሆንሽ?»

«ሰማሁህ፣ ክንፌ። ስትሰናበት ሰማሁህ።»

«አዎ፣ ተሰናበትኩ። ሰው ያደገበትን ቤት ሲለቅ አይሰናበትም እንዴ? አንቺም ስትዳሪ አልቅሰሽ ነው የሄድሽው።»

«እኔ ተመለስኩ። አንተ ግን መመለሻ የለህም።» አንድ እርምጃ ቀረበችው። «እውነቱን ንገረኝ። ከዛሬ በኋላ መጋረጃው ሲዘጋ፣ አንተ ውጭ ስትቀር፣ ሌላ ሰው ውስጥ ሆኖ "ተንሥኡ" ሲል፣ ምን ትሆናለህ?»

«ካንቺ ጋር እሆናለኋ!»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

ቅኔ ሲዘርፍ ምላሱ የማይያዘው ሰው፣ ለአንዲት ጥያቄ መልስ አጣ። አደይ ጠበቀችው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ በዚያች ደቂቃ አንድ ቃል እንዲዋሽላት ፈልጋ ነበር። «ምንም አልሆንም» ቢላት፣ አምናው አብራው ትሄድ ነበር።

አልዋሸም። በዚያ ፈንታ ተቆጣ።

«አባቴ ወሰነልኝ፤ በአራት ዓመቴ ፊደል ቤት ጣለኝ። መምህሬ ወሰነልኝ። ጳጳሱ ወሰነልኝ። በዕድሜዬ አንዲት ነገር በገዛ እጄ ልምረጥ ብዬ ብነሣ፣ አሁን ደግሞ አንቺ ትወስኚልኝ! ማን ሥልጣን ሰጠሽ?»

«ማንም አልሰጠኝም።»

«እንግዲያው ተይኝ ልምረጥ! አንቺን መርጫለሁ፤ ይኸው መረጥኩ!»

«ምረጠኝ» አለች አደይ። ዕንባዋ አሁን መጣ። «ግን ስትመርጠኝ እኔን እያየህ ምረጠኝ።»

ክንፈሚካኤል ያኔ ነው ያስተዋለው። ይህን ሁሉ ሲናገር ፊቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ዞሮ ነበር። ወደ እሷ ሊመለስ ሞከረ፤ ተመለሰም። ግን ሁለቱም አይተውታል። እጁ ወደ ጎኑ ወረደ፤ ዋንዛውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አደይ ልትነካው እጇን ዘረጋች። ከቅጥሩ በር ሰው ሲወጣ አየችና እጇን መለሰች።

«ልትጠላኝ ትችላለህ» አለችው ቀስ ብላ። «አንድ ቀን ያንን መጋረጃ እያየህ ዝም ስትል፣ እኔ ከጎንህ ተቀምጬ ዝምታህን ከማዳምጥ፣ ዛሬ ብትጠላኝ ይሻለኛል። አንዴ የማይፈልገኝ ሰው ቤት ኖሬያለሁ። እሱን ቻልኩት። የሚወደኝና በእኔ የተነሣ የጎደለ ሰው ቤት መኖር ግን አልችልም።»

«ቄስ እሆን ዘንድ ሌላ ማግባት እንዳለብኝ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽና ነው እንዲህ የምትዪው?»

«አውቃለሁ አልኩህ!» አለች፤ ከዚያ ድምጿ ወደቀ። «አንድ ነገር ብቻ ለምኜሃለሁ። ስሟን እንዳትነግረኝ።»

በመካከላቸው ከጥቂት ሣር በቀር የሚሻገሩት ነገር አልነበረም፤ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሣሩ እንደ ዓባይ ሸለቆ ሰፋ።

*

ሊመለሱ ሲሉ ክንፈሚካኤል ወደ ግራዝማች ቀረበ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ግራዝማች፣ አባ ገብረሰንበት እስከ ልደት ድረስ እዚህ እንዳገለግል ለምነውኛል። ቢፈቅዱልኝ እቀራለሁ። ለአባቴ ይንገሩልኝ።»

ግራዝማች በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። የቀላ ዓይኑን አዩ። «ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ሰው የተፈለገበት ቦታ ይቅር።»

የወይዘሮ ማሚቱን ጉልበት ሳመ። ከዚያ አደይ ፊት ቆመ። አባት፣ እናት፣ ሹፌር፣ ሁሉም እዚያው ናቸው።

«ደኅና ይግቡ እመቤት አደይ።»

«ደኅና ይሁኑ ዲያቆን።»

ያ «እርስዎ» ለአንድ ዓመት ሙሉ ሲጫወቱበት የኖሩት መሸፈኛቸው ነበር። አሁን የእውነት ሆነ።

መኪናዋ ተነሣች። ከፊት፣ በእጅጉና በአባቷ መካከል ያለው ቦታ ባዶውን ቀረ። ግራዝማች ሊጠጉበት ይችሉ ነበር፤ አልተጠጉም። አደይ ወደ ኋላ አልዞረችም። ብትዞር እዚያው ቆሞ እንደምታየው ታውቃለች፤ ዞራ ብታጣው ደግሞ አትችለውም።

ብዙ ከተጓዙ በኋላ ወይዘሮ ማሚቱ በነጠላቸው ሥር እጇን ያዟትና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«አልቅሺ፣ ልጄ። መኪናው ይጮኻል፤ አባትሽ አይሰማም።»

አደይ ደንግጣ እናቷን አየች። እናቷ ወደ መንገዱ እያዩ ነበር። ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ? ልትጠይቅ ፈልጋ ተወችው። ልቅሶውም አልመጣ አለ። ፀሐይዋ ከፊታቸው ትወርዳለች፤ አቧራው በመስኮቱ ይገባል፤ ዓይኗ ደርቆ ያቃጥላታል።

ደምበጫ ሊደርሱ ሲሉ ላንድሮቨሯ ከሞተሯ እንፋሎት አወጣች። እጅጉ ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ።

«ውኃዋን ጨርሳለች ግራዝማች። ትንሽ ትቀዝቅዝና እጨምርላታለሁ።»

ያን ጊዜ ጸጥታው መጣ። ከሩቅ ከሚጮኽ አንድ ከብት በቀር በዚያ ሰፊ አገር ላይ ምንም ድምፅ አልነበረም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ አደይ ሳታስበው፣ ከሆዷ ስር የወጣ አንድ ሲቃ አመለጣት። አፏን በሁለት እጇ አፈነች። ሁለተኛው ደግሞ በጣቶቿ መካከል ወጣ።

ከፊት የተቀመጡት ግራዝማች ዳኘው ወደ ኋላ አልዞሩም። አንገታቸው ብቻ ቀጥ አለ።

«እጅጉ» አሉ፤ «ሞተሩን አስነሣው።»

«ኧረ ግራዝማች፣ ገና ትኩስ ነች! ውኃ ሳይገባባት ካስነሣኋት ትቃጠላለች።»

«አስነሣው ነው የምልህ። ይጩኽ።»

እጅጉ አስነሣው። ሽማግሌው በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ታጨደው ማሳ ትንሽ ገቡና ጀርባቸውን ለመኪናዋ ሰጥተው ቆሙ። ለእያንዳንዷ ብሎን የሚሳሱላት መኪና ከኋላቸው እየተንቀጠቀጠች ታጓራለች። እጅጉም ነገሩ ገብቶት ወርዶ ከእሳቸው ራቅ ብሎ ቆመ።

አደይ አለቀሰች። እናቷ ትከሻዋን አቅፈው ያዟት። በመስኮቱ በኩል የአባቷን ጎባጣ ጀርባ ታያለች። ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ሁሉም ይወዷታል። እናቷ እንዲህ አጥብቀው ይዘዋት፣ አባቷ እንዲህ ቆመው እየጠበቋት፣ እሷ ያለችበት ድረስ ግን አንዳቸውም ሊደርሱ አልቻሉም።